ሴንሰሩ የሚቀመጠው ገመዱ በደረሰበት አይደለም

ዛሬ ስለ ቀረጥም ስለ ዶላርም አልጽፍም። የምጽፈው የአውራ ጣት ጫፍ ስለምታህል ዕቃ ነው። መካኒኮቻችን «ኤር ቴምፕ» ይሉታል፤ ወደ ሞተር የሚገባውን አየር ሙቀት ለክቶ ለኮምፒውተሩ የሚናገር ሴንሰር ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ወርዶ ባለ ቱርቦ ሲገባ ይህ ሴንሰር የት ይቀመጥ የሚለው ጥያቄ በየጋራዡ በአንድ አባባል ይዘጋል፦ «ገመዱ በደረሰበት እሰረው»። ይህን አባባል ከናይሮቢ እስከ ሃርጌሳ፣ ከሞያሌ እስከ አዲስ አበባ ሰምቼዋለሁ። የሰው ገንዘብ የሚያቃጥል አባባል ነው፤ የምጽፈውም እንዲቆም ነው።

«ይህ የመካኒክ ጉዳይ ነው፣ ነጋዴን ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም። በደንብ ያገባዋል። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ በእጅ ያለውን መኪና አቆይቶ መሥራት የግድ ሆኗል። ያረጀው ሞተር ይወርዳል፣ ያገለገለ ግን ጠንካራ የሆነ ሌላ ይገባል። ያ ሞተር ከሻርጃ ያገለገሉ ዕቃዎች ገበያ በበርበራ ወይም በጅቡቲ ይመጣል፤ ወይም ከጃፓን ሞምባሳ ወርዶ በናይሮቢ ግሮጋን ያልፋል፤ ካምፓላ ኪሴካም አለ። በመጨረሻ ሶማሌ ተራ ወይም አንድ የክፍለ ሀገር ጋራዥ ይደርሳል። በመንገዱ ሁሉ የሚያልፈው በእኛ እጅ ነው። የምንሰጠው ዋስትና ደግሞ ወረቀት የለውም፣ ቃል ነው። «አስነስተህ ስማው፣ ካልወደድከው መልሰው» እንላለን። ሞተሩ በሁለተኛው ወር ሲሞት የሚፈርሰው ያ ቃል ነው። መካኒኩ «ድሮም የሞተ ሞተር ነው ያመጣህለት» ይላል፣ ገዢው ያምነዋል፣ ነጋዴው ስሙን ያጣል። እና አያገባንም?

መጀመሪያ ችግሩ ከየት እንደሚጀምር እንይ፤ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና። ጃፓንና ኬንያ መሪው በቀኝ ነው፣ ኢትዮጵያ በግራ። ግማሽ መኪና ተቆርጦ ከመጣ ሞተር ላይ የተነቀለ ሽቦ በእኛ መኪና ውስጥ ኮምፒውተሩ የሚቀመጥበት ጎን ሲቀየር ያጥራል። ሽቦ ሲያጥር አንድ ሰው መወሰን አለበት፦ የትኛው ይቀጠል፣ የትኛው ይቅር? የኢንጀክተሩን ገመድ ካልቀጠልክ ሞተሩ አይነሳም። የክራንክ ሴንሰሩን ካልቀጠልክ አይነሳም። ኤር ቴምፕ ግን ባይኖርም ሞተሩ ይነሳል፣ ይሠራል፣ ጋዝ ሲረገጥ ያገሳል። ባለቤቱ ፈገግ ይላል፣ ሂሳብ ይከፈላል። ጥፋቱ ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ይህ ሴንሰር የማያስጮህ በመሆኑ ማንም አይፈራውም።

አሁን ወደ ሥራው። ብስክሌት በእጅ ፓምፕ የነፋ ሰው የፓምፑ ጫፍ እንደሚሞቅ ያውቃል። የተጨመቀ አየር ይሞቃል፤ ቱርቦም ትልቅና ፈጣን ፓምፕ ነው። ውጪው 30 ዲግሪ ሆኖ ቱርቦው አየሩን በእጥፍ ቢጨምቀው፣ መጭመቂያው 70 በመቶ ብቃት አለው ብለን ብናሰላ፣ ከቱርቦው የሚወጣው አየር 125 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። በዚያ ላይ ሻይ ይፈላል። ይህ አየር በኢንተርኩለር ሲያልፍ ይቀዘቅዛል፤ ደህና ኢንተርኩለር ቱርቦው ከጨመረው ሙቀት 70 በመቶውን ቢያወርድ ወደ ሞተር የሚገባው አየር 58 ዲግሪ አካባቢ ነው። ኢንተርኩለሩ ትንሽ ከሆነ፣ ወይም እንደብዙዎቻችን መኪና ፊቱ በብረት መከላከያና በጭቃ ከተዘጋ፣ ግማሹን ብቻ ያወርድና 77 ላይ ይቀራል።

በአንድ ሞተር ውስጥ፣ በአንድ ጊዜ፣ በአንድ መስመር ላይ ሦስት ሙቀቶች አሉ ማለት ነው፦ ከፊልትሮው በኋላ 30፣ ከቱርቦው በኋላ 125፣ ከኢንተርኩለሩ በኋላ 58 ወይም 77። ሴንሰሩን የምትሰካበት ቦታ ኮምፒውተሩ የትኛውን ቁጥር እንደሚያምን ይወስናል። «የትም ብታስረው አየር አየር ነው» የሚለኝ ሰው እነዚህን ሦስት ቁጥሮች አይቶ ይድገምልኝ።

ቁጥሩ ቢሳሳት ምን ይሆናል? ይህ በኮምፒውተሩ ዓይነት ይለያያል፤ እዚህ ላይ ነው ብዙ ክርክር የሚደበላለቀው። አንዳንዱ ሞተር ከፊልትሮው ቀጥሎ «ኤርፍሎ» የሚባለውን መለኪያ ይዟል፤ የሚገባውን አየር በቀጥታ ይመዝናል። ሌላው ኤርፍሎ የለውም፤ ማፕ ሴንሰር ግፊቱን ይለካል፣ ኤር ቴምፕ ሙቀቱን ይለካል፣ ኮምፒውተሩ ሁለቱን አገናኝቶ «ይህን ያህል አየር ገብቷል» ብሎ ያሰላል። በሞተር ቅየራ ጊዜ የሚገጠሙት ለብቻ የሚሸጡ ኮምፒውተሮች አብዛኞቹ እንደ ሁለተኛው ናቸው። በእነዚህ ላይ ሙቀቱ የሂሳቡ ግማሽ ነው። ሴንሰሩ ከቱርቦ በፊት ታስሮ 30 ቢያነብና እውነተኛው አየር 58 ቢሆን ኮምፒውተሩ ካለው 9 በመቶ የበለጠ አየር እንደገባ ይገምታል። እውነቱ 77 ከሆነ ስህተቱ ከ15 በመቶ ያልፋል።

ነዳጅ በመብዛቱ ብቻ ቢያልቅ ምንም አልነበረም፤ ኪስ ይጎዳል እንጂ ሞተር አይሞትም። ዋናው አደጋ የካንዴላው የእሳት ሰዓት ነው። አየሩ ሲሞቅ ኮምፒውተሩ እሳቱን ማዘግየት አለበት፤ ካላዘገየ ቤንዚኑ ከጊዜው በፊት ይፈነዳል፣ ፒስተኑ ወደ ላይ እየመጣ ሳለ ከላይ ይመታዋል። የሚያዘገየው ሙቀቱን ካወቀ ነው። ቀዝቃዛ ነው ብለህ ከዋሸኸው፣ አምኖህ እሳቱን ለቀዝቃዛ አየር በሚሆነው ሰዓት ይለኩሳል። ሞተሩ ያንኳኳል፤ በሙዚቃና በመስኮት ንፋስ ውስጥ ግን ማን ይሰማል?

አንድ ጉዳይ ላንሳ። ለሽምግልና ተጠርቼ ያየሁት ነው፣ የሰዎቹን ስም አልጠራም። ከኢስሊ ልብስና ጫማ ጭኖ ሞያሌ የሚያወርድ ቤተሰብ ነው። ሁለት ወንድማማቾች ያሽከረክራሉ፣ እናት ሂሳቡን ትይዛለች፤ ለሞተሩ መግዣም ወርቋን የሸጠችው እሷ ናት። የድሮ ሃይለክስ ላይ የቶዮታ 1ጄዜድ-ጂቲኢ፣ 2.5 ሊትር ባለ ቱርቦ የቤንዚን ሞተር አስገቡ። «ለጭነት ናፍጣ አይሻልም ወይ?» ብትሉኝ ይሻላል፤ ግን ልጆቹ ፍጥነት ፈለጉ፣ የነሱ ምርጫ ነው። ኮምፒውተሩ ለብቻው የተገዛ፣ በማፕና በኤር ቴምፕ የሚያሰላ ነው። ማስተካከያው ናይሮቢ ውስጥ በቀዝቃዛ ምሽት ተሠራ። መኪናው በከተማ ውስጥ እንደ ወፍ በረረ።

ከናይሮቢ ሞያሌ 780 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ከኢሲዮሎ በኋላ ሜዳው ይነዳል፣ ላይሳሚስ ላይ አየሩ እንደ ምጣድ ነው፣ ከዚያ ወደ ማርሳቢት ረጅም ዳገት አለ። የተጫነ መኪና በዚያ ሙቀት ያን ዳገት ሲወጣ ቱርቦው ለብዙ ደቂቃ ሳያርፍ ይነፋል። ሞተሩ እዚያ ዳገት ላይ ሰማያዊ ጭስ ለቀቀ፣ ዘይቱን በትንፋሽ ቱቦው አስመለሰ። ቴስታታው ተነስቶ ፒስተኖቹ ሲወጡ ሁለቱ ላይ የቀለበቱ ቦይ ተሰብሮ አየሁት። ይህ ከጊዜው በፊት የፈነዳ ቤንዚን ፊርማ ነው።

ሴንሰሩን ፈለግኩት። ፊልትሮው ቤት ውስጥ፣ ከቱርቦው በፊት፣ በፕላስቲክ ማሰሪያ ተጠፍሮ አገኘሁት። «ለምን እዚህ?» ብዬ ጠየቅኩ። መልሱን ታውቁታላችሁ፤ ገመዱ የደረሰው እዚያ ድረስ ነበር። ያ ኮምፒውተር ዳገቱን በሙሉ የሚያውቀው የውጪውን 36 ዲግሪ ብቻ ነው። ኢንተርኩለሩም ትንሽ ነበር፣ ጭነቱም ከልክ ያለፈ ነበር፤ ሁሉንም በሴንሰሩ አላላክክም። ነገር ግን ሴንሰሩ ቦታው ላይ ቢሆን ኮምፒውተሩ ሙቀቱን አይቶ እሳቱን ያዘገይ ነበር፣ ኃይሉ ይቀንስ ነበር፣ ልጆቹም «ዛሬ ደከመ» ብለው ማርሽ ቀንሰው ይወጡ ነበር። ደክሞ የሚደርስ ሞተርና ሳይደክም የሚሰበር ሞተር ልዩነታቸው ይኸው ነው።

በሽምግልናው ማን እንደተፈረደበት ልንገራችሁ? ሞተሩን የሸጠው ነጋዴ ላይ ነው። ግማሽ ዋጋ መለሰ። መካኒኩ የእጁን ዋጋ እንደያዘ ቀረ። ስለ ሴንሰሩ የተናገርኩትን ሽማግሌዎቹ በትዕግሥት ሰሙኝና «ይህቺ ሞተር ትሰብራለች?» ብለው ሳቁ። እኔ ግን እስከዛሬ አልሳቅኩም። የእናትየው ወርቅ አልተመለሰም።

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቼ ልመለስ፤ ጥሩ ጥሩ መከራከሪያ አላቸውና ዝም ብሎ ማለፍ አይገባም።

የመጀመሪያው «ፋብሪካው ራሱ ከቱርቦ በፊት ነው ያስቀመጠው» ይላል። እውነት ነው፣ በብዙ ኤርፍሎ ባላቸው ባለ ቱርቦ ሞተሮች ላይ የአየር ሙቀት መለኪያው ኤርፍሎው ውስጥ ነው፤ ኤርፍሎው ደግሞ ከቱርቦ በፊት ነው። ናይሮቢ ያሉት የሱባሩ ልጆች ይህን ነው የሚጠቅሱልኝ። ግን ፋብሪካው ያንን ሲያደርግ ኤርፍሎው አየሩን እየመዘነለት ነው፤ የራሱን ኢንተርኩለር፣ የራሱን ቱርቦ፣ የራሱን ግፊት ለክቶ ሂሳቡን በዚያ ልክ ጽፎታል። አንተ ኤርፍሎውን አውጥተህ፣ ኢንተርኩለሩን ቀይረህ፣ ግፊቱን ጨምረህ፣ የሴንሰሩን ቦታ ብቻ «እንደ ፋብሪካው» ብትል የሰው ወርቅ አያደምቅም። ኤርፍሎውና የራሱ ኮምፒውተር ሳይነኩ ከመጡ ግን እስማማለሁ፤ እዚያው ይቀመጥ፣ አትንኩት፣ ገመዱንም አትቁረጡ።

ሁለተኛው «እኔ የምነፋው ግማሽ ባር ብቻ ነው፣ ምን ያህል ይሞቃል?» ይላል። ይህን የሚለኝ ሰው ብዙ ጊዜ አዲስ አበባ ወይም ናይሮቢ ነው የሚኖረው፤ ከፍታውንም ይረሳል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ሦስት አራተኛው ገደማ ብቻ ነው። በጅቡቲ ወደብ 1 ባር የሚነፋ ቱርቦ አየሩን 2 እጥፍ ይጨምቃል። በአዲስ አበባ በጌጁ ላይ ያንኑ 1 ባር ለማሳየት ከሳሳ አየር ስለሚነሳ 2.3 እጥፍ መጭመቅ አለበት። ውጪው 20 ዲግሪ ቢሆን እንኳ ከቱርቦው የሚወጣው ከ130 ዲግሪ ያልፋል። ብርድ ያለበት ደጋ ላይ ቱርቦ የበለጠ ይሞቃል! ይህን ስነግራቸው የሚስቁ አሉ፤ ቴርሞሜትር ይስቀሉና ይዩት። ግማሽ ባርም ቢሆን በደጋው ላይ ያው ሕግ ነው የሚሠራው።

ሦስተኛው መከራከሪያ የተገላቢጦሽ ነው፤ «እሺ፣ ከቱርቦ በኋላ ይሁን» ይልና ማኒፎልዱ ብረት ላይ ይሰካዋል። ይህም ሌላ ችግር አለው፤ ግማሽ እውቀት የሚባለው ይህ ነው። የአሉሚኒየም ማኒፎልድ ከቴስታታው ሙቀት ይጠጣል። መኪናው ቆሞ ሻይ ጠጥታችሁ ስትመለሱ ብረቱ 80 ዲግሪ ሆኗል፤ ሴንሰሩ የሚያነበው አየሩን አይደለም፣ ብረቱን ነው። እውነተኛው አየር 45 ሆኖ ሴንሰሩ 80 ቢል፣ ኮምፒውተሩ «የሳሳ አየር ነው» ብሎ ነዳጁን ወደ 10 በመቶ ይቀንሳል። ሞተሩ ሲነሳ ይንገዳገዳል፣ ይጠፋል፣ ጋዝ ሲረገጥ ይተነፍሳል። ባለቤቱ የነዳጅ ፓምፕ ይቀይራል፣ ካንዴላ ይቀይራል፣ ገንዘቡን ይበትናል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

ታዲያ የት ይቀመጥ? ከኢንተርኩለሩ በኋላ፣ ከትሮትል ቦዲው በፊት፣ ቀዝቃዛው ቱቦ ላይ። መልሱ ይኸው ነው። ዝርዝሩ ግን ዋጋ አለው። ቱቦው ቀጥ ያለበት ቦታ ይመረጥ፣ ከራዲያተሩና ከጭስ ማውጫው የራቀ። ከታች አይሰካ፤ ከቱርቦ የሚያመልጥ ዘይት ቱቦው ሥር ይጠራቀምና ጫፉን ያለብሰዋል፤ ከጎን ወይም ከላይ ይሁን። ጫፉ ወደ አየሩ መሐል ይድረስ እንጂ ግድግዳውን አይታከክ። ጫፉ ክፍት የሆነውን ዓይነት እመርጣለሁ፤ በናስ የተሸፈነው ዘግይቶ ነው የሚያነብ፣ የዳገቱን ሙቀት የሚናገረው ዳገቱ ካለቀ በኋላ ነው፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው።

በጎማ ተጠቅጥቆ የሚገባውን ዓይነት ደግሞ እዚህ አትጠቀሙ። እሱ የተሠራው ግፊት ለሌለበት ለፊልትሮ ቤት ነው። 20 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ላይ 1 ባር ሲነፋ ሦስት ኪሎ ያህል ኃይል ከውስጥ ይገፋዋል፤ አንድ ቀን ዳገት ላይ እንደ ጠርሙስ ክዳን ይፈነጠራል። ጥርስ ያለው ይሁን፤ በያጁ የሚገጥም ጥርስ ያለበት ቀለበት ቱቦው ላይ ይበይድ። ቱቦው ወርዶ ይበየድ፣ ከተበየደ በኋላ ውስጡ ይታጠብ። መኪናው ላይ እንዳለ የሚበሱ አሉ፤ ብናኙ የት እንደሚሄድ አስቡት።

ስለ ገመዱ ሁለት ነገር ልበል። ይህ ሴንሰር ሁለት ሽቦ ነው ያለው፤ አንዱ ምልክት፣ አንዱ ወደ ኮምፒውተሩ የሚመለስ። የሚመለሰውን አካል ላይ አትሰሩ፤ ከሌላ ዕቃ የሚመጣ ጅረት ቁጥሩን ያዛባል። ያጠረውን ሽቦ መቀጠል የሚፈጀው ግማሽ ሰዓትና አንድ ሜትር ሽቦ ነው። ግማሽ ሰዓት! ሞተር አውርዶ ለመጫን ሦስት ቀን የወሰደ ሰው በግማሽ ሰዓት ሽቦ ይሰስታል።

ናፍጣ የምትነዱ «ይህ እኛን አይመለከትም» እንዳትሉ። እርግጥ 1ኤችዜድ ያለው ላንድክሩዘር እፎይ ይበል፤ ፓምፑ ሜካኒካል ነው፣ የሚዋሽለት ኮምፒውተር የለውም። ግን አሁን ወደ አባዱላና ወደ ሃይለክስ የምታስገቡት 1ኬዲ-ኤፍቲቪ እንደዚያ አይደለም። እሱ አንድ የሙቀት መለኪያ ኤርፍሎው ውስጥ፣ ሌላ ደግሞ ከቱርቦው በኋላ በገቢ መስመሩ ላይ አለው። በቅየራ ጊዜ ሁለተኛው ይረሳል፤ አለዚያም ሁለቱን ገመድ በአንድ ሴንሰር ላይ የሚያስሩ ብልጦች አይቻለሁ። ስካነር ላይ ፒ0097 ወይም ፒ0098 ካያችሁ የሚናገረው ስለ ሁለተኛው ነው፤ ፒ0112ና ፒ0113 ስለ መጀመሪያው። ኮድ ማጥፋት መጠገን አይደለም። በናፍጣ ላይ የሙቅ አየር ውሸት የሚታየው በጥቁር ጭስ፣ በጭስ ማውጫ ሙቀትና በቱርቦው ዕድሜ ነው፤ ሞቱ ቀስ ያለ ነው እንጂ ሞት ነው። በናፍጣ ሌላም ጥንቃቄ አለ፤ የተቃጠለ ጭስ ወደ ገቢው መስመር ከሚመለስበት ቀዳዳ በፊት ይሰካ፤ ከዚያ በኋላ ከተሰካ ጥላሸት ይሸፍነዋል፣ የሚያነበውም ንጹሕ አየር አይሆንም።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር መጣሁ። ሴንሰሩን ጭራሽ ትተው ሬዚስተር የሚበይዱ አሉ። ይህ ሴንሰር ሲሞቅ መቋቋሙ የሚቀንስ ነው፤ የዴንሶው በ20 ዲግሪ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ኦም፣ በ80 ዲግሪ ከግማሽ ኪሎ ኦም በታች ነው። እና ጮሌው 2.2 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ገዝቶ ሁለቱን ሽቦ ያገናኛል፤ መብራቱ ይጠፋል፣ «ጨረስኩ» ይላል። ኮምፒውተሩ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓለም ሁሉ ሃያ ምናምን ዲግሪ ነው ብሎ ይኖራል። ጅቡቲ በ40 ዲግሪ ስትነድ ያው ነው፣ ደብረ ብርሃን ማለዳ ላይ እጅ ሲቆረጥም ያው ነው፣ ቱርቦው ሲነፋ ያው ነው። እውነተኛው አየር 80 ሲሆን የግምቱ ስህተት 20 በመቶ ይደርሳል። ከዚህ የባሰም አለ፤ ይህንኑ ሬዚስተር በሚያምር ትንሽ ሣጥን ከትተው «የኃይል ቺፕ» ብለው የሚሸጡ። ውስጡን ሰብራችሁ እዩት፣ ሌላ ምንም የለም። ያንን ዕቃ በጭነታችሁ ውስጥ የምታመጡ ወገኖች አላችሁ፤ ምን እንደምትሸጡ ካላወቃችሁ አሁን አወቃችሁ።

ገዢዎችና ቤተሰቦቻችሁ ደግሞ መካኒክ መሆን አይጠበቅባችሁም፤ ሞተሩን ከጋራዥ ከመረከባችሁ በፊት ይህን ብቻ አድርጉ። በስልክ የሚሠራ ትንሽ ስካነር ከሰው ተዋሱ። መኪናው ሌሊቱን አድሮ፣ ጠዋት ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ብቻ ክፈቱ። የአየሩ ሙቀት፣ የውሃው ሙቀትና የውጪው ሙቀት ተቀራራቢ መሆን አለባቸው፤ ጥቂት ዲግሪ ቢለያዩ ነው። ውጪው 15 ሆኖ ሴንሰሩ 40 ካለ፣ ወይ ሴንሰሩ የሌላ ኩባንያ ነው፣ ወይ ገመዱ ተበላሽቷል። ከዚያ ዳገት ፈልጉና ረግጣችሁ ውጡ፣ ሌላ ሰው ቁጥሩን ይይ። ቱርቦው ሲነፋ ቁጥሩ መውጣት አለበት፣ ስትለቁት ደግሞ መውረድ። ፈጽሞ ካልተነቃነቀ ወይ ከቱርቦ በፊት ነው፣ ወይ ሬዚስተር ነው። ወጥቶ ወጥቶ መውረድ ካቃተው ትኩስ ብረት ላይ ተሰክቷል። ያኔ ቀሪውን ክፍያ ያዙና «ይህ ይስተካከል» በሉ። መካኒኩ ይቆጣል፤ ይቆጣ። ጥሩ መካኒክ አይቆጣም፤ እንዲያውም እንዲህ የሚጠይቅ ደንበኛ ይናፍቀዋል፤ እንዲህ ያሉ ልጆች ናይሮቢም አዲስም አሉን፣ ሥራቸውን ዋጋ ሳይጨምሩ በንጽሕና የሚሠሩ።

ለነጋዴዎች የምለው ግን ከዚህ ይከብዳል፤ ጥፋቱ ከመካኒኩ በፊት የሚጀምረው ከእኛ ነውና። ሞተሩን ስናራግፍ ኮንቴይነር ውስጥ ቦታ እንዲቆጥብ ሽቦውን በመጋዝ እንቆርጣለን፣ የኢንተርኩለሩን ቱቦ እንጥላለን፣ ኤርፍሎውን ለብቻ እንሸጣለን። ከዚያ «ሞተር ሙሉ» ብለን ማስታወቂያ እናወጣለን። ሽቦ የሌለው ሞተር ምኑ ነው ሙሉ? መካኒኩ «ገመዱ በደረሰበት» ያለው እኛ ገመዱን ስላሳጠርንበት ነው። የገዢው ሊብሬ ላይ የሞተሩ ቁጥር እንዲቀየር የሚያስፈልገውን ወረቀት በደንብ እንጨነቅበታለን፤ ኬላ ላይ ስለሚያስጠይቀን። ለሴንሰሩ ማንም ስለማይጠይቀን ዝም እንላለን።

ስለዚህ ከእኔ ጋር የምትሠሩ ሻርጃም፣ ሃርጌሳም፣ ግሮጋንም ያላችሁ ስሙኝ። ከሚቀጥለው ጭነት ጀምሮ የምረከበው ባለ ቱርቦ ሞተር ሽቦው እስከ ኮምፒውተሩ መሰኪያ ሳይቆረጥ፣ ኮምፒውተሩ ራሱ ተያይዞ፣ ከኢንተርኩለሩ እስከ ትሮትል ያለው ቱቦ ሳይነቀል፣ ኤርፍሎ ካለው ኤርፍሎው ሳይለይ፣ ኤር ቴምፑ በቦታው እንዳለ ፎቶ ተነስቶ ነው። ፎቶው ከመነቀሉ በፊት፣ ሞተሩ ገና በመጣበት መኪና ላይ እያለ ይነሳ፤ መካኒኩ የፋብሪካውን ቦታ እንዲያይ። ይህ የጎደለው ከሆነ ሞተሩን አልቀበልም አልልም፣ ግን የሽቦውን፣ የቱቦውንና የሴንሰሩን ዋጋ ከሂሳቡ ቆርጬ ነው የምከፍለው፤ ለገዢውም የጎደለውን በደረሰኙ ላይ እጽፍለታለሁ።